«ጥገኛ» ወይስ «ወንፈል»?

ስለ ባክቴሪያና ስለ መርዛማ የባሕር ዋቅላሚዎች የሚተረጉሙ ጸሐፊዎች ባክቴሪያውን በጅምላ «ጥገኛ» ማለታቸውን አንደግፍም። ቃሉ አንዱ ሌላውን እየጎዳ መኖሩን ስለሚያመለክት፣ አንባቢ መርዛማው ይዳከማል ብሎ ይረዳል። ነገሩ ግን ሊገለበጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ በባሕር ምግብ በኩል ሰው የገደለውን ዶሞይክ አሲድ የሚያመነጨው ዋቅላሚ፣ ባክቴሪያ ሲኖር መርዙን ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ደግሞ ባክቴሪያ ለዋቅላሚ ቫይታሚን ቢ12 እየሰጠ በምላሹ ምግብ እንደሚቀበል አስረድቷል። ዋቅላሚን የሚገድል ባክቴሪያም አለ፤ ለእርሱ «ዋቅላሚ ገዳይ» ይበቃል። ለመቀባበሉ ግን አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በአንገር ጉቲን ገበሬው የሚያውቀው «ወንፈል»፣ በኦሮምኛም «ዳዶ» አለን፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳልና። ተርጓሚ ቃል ከመምረጡ በፊት ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ ይጠይቅ።