የወረቀት ቲኬት ናፍቆት፤ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚሰማ አንድ ንግግር ላይ የቀረበ ሒስ

ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ ሚካኤል ባሉት ሻይ ቤቶችና የውጭ አገር እግር ኳስ በቴሌቪዥን በሚታይባቸው ቤቶች ውስጥ፣ በጎልማሶች ዘንድ የሚዘወተር አንድ ንግግር አለ። ፍሬ ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ ዱሮ ስታዲየም የሚገባው በወረቀት ቲኬት ነበር፤ ቲኬቱ በመስኮት ተገዝቶ፣ በር ላይ ተቀዶ፣ ቁራጩ በኪስ ይቀር ነበር፤ ዛሬ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ እጅ ስልክ ስለ ገባ ወረቀቱ ጠፋ፤ ወረቀቱም ሲጠፋ የኳሱ ፍቅር አብሮት ጠፋ። ተናጋሪዎቹ አብዛኛዎቹ በካዛንቺስ፣ በቂርቆስ ወይም በአራት ኪሎ ተወልደው ያደጉ፣ ኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሳቸው ወደ ሰሚት፣ ወደ አያትና ወደ ቦሌ አራብሳ የተሻገሩ ናቸው። አነጋገራቸው የለቅሶ ቤት አነጋገር ይመስላል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፤ ሦስተኛው ይጨምራል፤ የሚከራከር ግን የለም።

እኛ ግን መከራከር ይገባል እንላለን። የባህል ጥናት ተማሪ እንዲህ ያለውን ንግግር ሲሰማ ወዲያው በማስታወሻው ላይ አስፍሮ፣ ወረቀቱን ከመሶብና ከእንሥራ ጎን በሚጠፉ ዕቃዎች መዝገብ ውስጥ ለማግባት ይፈተናል። ሰዎች አጣነው ብለው የሚጠሩት ነገርና በእርግጥ ያጡት ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው የሚለውን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ይህ ናፍቆት በሌላ አገር ምን መልክ እንዳለው ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ የቲኬት ቁራጭ ማከማቸት የቆየ ልማድ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ለብሩክሊን ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዝቦል የተጫወተበት ቀን አንድ የቲኬት ቁራጭ በየካቲት 2014 ዓ.ም. በጨረታ 480 ሺህ ዶላር አወጣ። በዚያው ጨረታ ማይክል ጆርዳን በ1984 በቺካጎ የመጀመሪያውን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያደረገበት ዕለት፣ ሳይቀደድ የቀረና ማንም ያልገባበት ቲኬት 468 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ከወረርሽኙ ወዲህ የዚያ አገር ታላላቅ ሊጎች በአብዛኛው ወደ ስልክ ቲኬት ስለ ተዛወሩ ሰብሳቢዎቹ ማዘናቸው አይደንቅም፤ ናፍቆታቸው የሚዳሰስ ዕቃ አለው፤ ዕቃውም መሳቢያ፣ መሳቢያውም ዋጋ አለው።

በእኛ ዘንድ መሳቢያው የለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከላይ የተጠቀሰውን ንግግር ከሚናገሩት መካከል ለብዙዎቹ፣ እስቲ አንድ የስታዲየም ቲኬት አሳዩኝ የሚል ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ያሳየ አልተገኘም። በአያት የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ብቻ በእርግጠኝነት ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጡ። ስትዘረጋ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች መሥመር በተዘረጋው ቀላል ባቡር የተሳፈሩባት ቲኬት ሆና ተገኘች። በቦታው የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ እርሳቸውም ሳቁ። ስሕተቱ ግን ከንቱ አልነበረም። ያ ባቡር ስታዲየም በሚባለው ጣቢያ ይቆማል፤ እርሳቸውም ወደ ጨዋታ ይሄዱበት የነበረው መንገድ ያ ነው። የጠበቁት የመግቢያውን ወረቀት ሳይሆን የመንገዱን ወረቀት ነው። የመግቢያውማ በር ላይ ተቀዶ፣ ከቆሎና ከሱፍ ገለባ ጋር በመቀመጫው ሥር ወድቆ ቀርቷል።

እንግዲህ ወረቀቱን ማንም ካልጠበቀው ለምን ይለቀስለታል? መልሱን ለማግኘት ጊዜውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የሊጉ ውድድር ቆመ፤ የዚያም ዓመት ሻምፒዮና ያለ አሸናፊ ተሰረዘ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ውድድሩ ሲመለስ በአክሲዮን ማኅበር የሚመራ፣ በዲኤስቲቪ የሚተላለፍ ሆኖ ተመለሰ። ክለቦቹም እንደ ቀድሞው በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሆኑ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬ ዳዋና ወደ ሐዋሳ። በእነዚያው ዓመታት የአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላቱ ለእድሳት ተዘጋ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም የአዲስ አበባ ባለ መኪና ነዳጁን በስልክ ከፍሎ እንዲቀዳ ተደረገ።

በአንድ ዓመት ወደ አንድ ቤት የገቡ ሁለት እንግዶች ዘመዳሞች ይመስላሉ። የአዲስ አበባ ተመልካችም የስታዲየሙን በር መዘጋትና የስልኩን ክፍያ መምጣት በአንድ ዓመት ውስጥ ስላያቸው፣ አንዱን የሌላው ምክንያት አደረገው። የስታዲየሙን ቲኬት ከእጁ የወሰደበት ግን ስልክ አይደለም። ቲኬት የጠፋው የሚገባበት በር ስለ ጠፋ ነው።

ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ከግብፅ ጋር የተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች ነገር ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ በሕዝብ ፊት ሰጡት። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያው ብሔራዊ ቡድን ግብፅን በማጣሪያ ጨዋታ 2 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው በመዝገብ ላይ ኢትዮጵያ በሜዳዋ ያደረገችው ተብሎ ተጽፏል፤ ሜዳው ግን በማላዊ በሊሎንግዌ ከተማ ነበር። ከዚያ ቀደም በኅዳር ወር ከጋና ጋር አንድ ለአንድ የተለያዩበት «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገውም በጆሃንስበርግ ነው። የገርጂ ሰው በሊሎንግዌ የተገኘውን ያን ድል ያየው ለቴሌቪዥኑ ቤት በረኛ ከፍሎ ነው። ለዚያ ጨዋታ በወረቀትም ሆነ በስልክ ቲኬት የመግዛት ዕድል አልደረሰውም። ይህ ሰው ወረቀት ናፈቀኝ ሲል ሌላ ነገር እየተናገረ መሆኑን መረዳት የአድማጩ ፋንታ ነው።

ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት መጀመሪያ መታየት ያለበት የተራዎቹ ስም ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለተመልካቹ አንድ ስፍራ አልነበረም። ክቡር ትሪቡን ነበረ፤ ጥላ ፎቅ ነበረ፤ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ከማን አንሼም ነበሩ። ትሪቡን የሚለው ቃል እንደ ቲፎዞ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ካታንጋ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ወደ ኮንጎ በዘመቱበት ጊዜ በየቤቱ ይሰማ የነበረ የጦር ሜዳ ስም ነው፤ ጠብና ሁካታ የማያጣው ተራ በዚህ ስም መጠራቱ ብዙ ትርጓሜ አይፈልግም። ከማን አንሼ ግን ብቻውን ድርሰት ነው። በትልቁ መቀመጫ ያልተቀመጠ ሰው የራሱን ተራ እንዲህ ብሎ ሲጠራ፣ የክቡር ትሪቡንን ስም በአንድ ቃል መልሶለታል። ቲኬቱ ለገዢው ይሰጠው የነበረው ወንበር አልነበረም፤ ለአብዛኛው ሕዝብ የወንበር ቁጥር አልነበረምና። የሚሰጠው ሰፈር ነበር። በሰፈሩም ውስጥ ቦታ የሚጸናው በየሳምንቱ ቀድሞ በመገኘትና ጎረቤት ቦታ እንዲይዝ በማድረግ ነው።

ሁለተኛው በረኛው ነው። በስታዲየሙ ዙሪያ ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ቆመው የማያውቁትን ሰው «ጋሼ፣ ያስገቡኝ» ሲሉ የሰማ ሁሉ የምንለውን ያውቃል። የተጠየቀውም ሰው ዝም ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ ልጁ እጁን ይይዛል፤ በሩ ላይ ሲደርሱ አባትና ልጅ ይሆናሉ፤ በረኛው አባትና ልጅ አለመሆናቸውን እያወቀ አንዱን ቲኬት ቀዶ ሁለቱን ያሳልፋል። ካለፉ በኋላ ልጁ እጁን ለቆ ይሮጣል። ይህ ሥርዓት በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም፤ ሦስቱም ግን ድርሻቸውን ያውቁት ነበር።

ይህን ስንል ናፋቂዎቹ የዘነጉትን እንዘነጋለን ማለት አይደለም። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት ጊዜ፣ ደግሞም በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ በተጋጠምንበት ጊዜ፣ ሕዝቡ በስታዲየሙ ዙሪያ ሌሊቱን በሰልፍ አድሯል። ያ ሌሊት ዛሬ ሲተረክ እንደ ጥምቀት ዋዜማ ነው። በትረካው ውስጥ ግፊያው የለም፤ የፖሊስ ዱላ የለም፤ ቲኬት አከማችቶ በእጥፍ የሚቸረችረው የለም፤ ሐሰተኛ ወረቀት ገዝቶ ከበሩ የተመለሰው ምስኪን የለም። ሴቶችም በዚያ ሰልፍ እንዴት ጥቂት እንደ ነበሩና ለምን ጥቂት እንደ ሆኑ የሚያነሣ ተናጋሪ አላጋጠመንም። ናፍቆት እንደ ወንፊት ነው ቢባል እንኳ፣ ይህን ያህል ማጥለል የለበትም።

በአንጻሩ የቆሙት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች፣ የስልክ ቲኬት ሐሰተኛውንም አትራፊውንም ያስቀራል ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ወረቀት የያዘውን ሰው ማንነት አይጠይቅም ነበር፤ የስልኩ ቲኬት ስልክ፣ ሒሳብና የተመዘገበ ስም ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. በኳታር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ተመልካቹ ከስልክ ቲኬቱ ሌላ ሐያ የሚባል ስሙ የተመዘገበበት መታወቂያ ማውጣት ነበረበት። በመገናኛ ጫማ የሚጠርግ ልጅ የዕለት ገቢውን ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሮ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ካታንጋ ይገባ የነበረው ማንም ስሙን ስላልጠየቀው ነው። ወጣቶቹ ስለዚህ ልጅ ምንም አይሉም፤ ናፋቂዎቹም እርሱን ትተው ስለ ወረቀቱ ያወራሉ።

ወረቀቱ ዋናው ነገር እንዳልሆነ የሚያስረዳው ማስረጃ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ከሚቀመጡበት ቤት ይገኛል። የዲኤስቲቪ ቤት በሚባለው ስፍራ የዕለቱ ጨዋታዎች በውጭ በሰሌዳ ይጻፋሉ፤ በሩ ላይ አንድ ልጅ ይቆማል፤ ቲኬት የሚባል ነገር ግን የለም። አንዱ በእጁ ይከፍላል፤ አንዱ ከእረፍት በኋላ ስለ መጣ ግማሽ ይከፍላል፤ አንዱ ነገ እሰጥሃለሁ ይላል፤ አንዱም በቴሌብር ከፍሎ የደረሰውን መልእክት ከሩቅ ያሳያል፤ በረኛውም ሳያነበው ያሳልፈዋል። እዚህ ስልክ አለ፤ መተማመኑም አለ፤ ወረቀት የለም። የዱሮው የስታዲየም በር ልማድ ከነነፍሱ ያለው በዚህ ጠባብ በር ላይ ነው። ናፋቂዎቻችን በየሳምንቱ ያልፉበታል፤ ተቀምጠውም ልማዱ ጠፋ ብለው ያዝናሉ።

በቦሌ ክፍለ ከተማ አደይ አበባ የተባለው ብሔራዊ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ ተነድፏል። በዘመኑ መስፈርት መሠረት ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ወንበር ያስፈልጋል፤ ወንበሩም ቁጥር ይኖረዋል። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ሰው ራሱ የሚሰይመው ተራ ይኖራል ወይ? ጋሼ ያስገቡኝ የሚለው ልጅ እጁን የሚሰጠውስ ለማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ብቻ የሚመልሳቸው አይደሉም። በካታንጋና በከማን አንሼ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ ተበትነዋል፤ ተራዎቹ የት እንደ ነበሩ፣ በማን እንደ ተሰየሙ፣ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ እንደ ነበረ የጻፈ ሰው ሳይገኝ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ይህን ለመመዝገብ የሚነሣ ተማሪ ቲኬቱ ምን ይመስል ነበር ብሎ ባይጀምር መልካም ነው፤ መልሱ ለቅሶ ብቻ ይሆንበታል። አቅራቢው እነዚያን የአያት ጡረተኛ ጥያቄውን ለውጦ፣ በካታንጋ ከማን ጋር ይቀመጡ ነበር ብሎ ጠይቋቸዋል። የባቡሯን ቲኬት ወደ ቦርሳቸው እየመለሱ አምስት ስም ጠሩ። ከአንደኛው ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የአባቱን ስም ግን አያውቁትም ነበር።