ተረቱን ማን ይመልሰው? ስለ ሥነቃልና ስለ ክፍል ውስጥ ትምህርት

ተረት ወጣቶችን ለማስተማር እንደሚጠቅም የሚክድ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በመማሪያ መጻሕፍት መቅድም፣ በዐውደ ጥናት ንግግሮች፣ በተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ሁሉ «ተረት ያስተምራል፣ ይመክራል፣ ያዝናናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ተረቱ የሚያስተምረው በምኑ እንደሆነ ሳይጠየቅ ስለሚታለፍ፣ የሚያስተምርበትን ነገር ከላዩ ገፍፈን ቀሪውን ብቻ ለተማሪው የምንሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ተረት ወጣቱን የሚያበረታው በመጨረሻው ላይ በሚቀጠልለት ምክር አይደለም የሚል ነው። የሚያበረታው አድማጩን በተራው ተራችና ፈራጅ እንዲሆን የሚያስገድደው የአከዋወን ሥርዓቱ ነው።

የአማርኛ ተረት አከዋወን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሁለት ወገን ሥራ ነው። ተራቹ «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ካልተቀበለው ነገሩ ወደፊት አይራመድም፤ ይህች ትንሽ መልስ ፈቃድ ናት። መዝጊያው ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነው። ተራቹ ሲጨርስ ምስጋና አይጠብቅም፤ ተረቱ እንዲመለስለት፣ አፉም በዳቦ እንዲታበስለት ይጠይቃል። የዳቦውን ጉዳይ እንደ ቀልድ ማየት ይቻል ይሆናል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ብድርን የሚያስታውስ ነው። ተረት የሰማ ልጅ ባለዕዳ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ራሱ ሌላ ተረት ተርቶ ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ይኸው ሥርዓት ይበልጥ ይጎላል። መልሱን ያጣው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ እንደ ሹም ይንጎራደድበታል፣ ተሸናፊውንም እንደ ልቡ ይሰድባል፤ መልሱን የሚገልጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቀን በታላላቆቹ ፊት ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይፈቀድለት የ8 ዓመት ልጅ ማታ በጨዋታው ጎንደርን ወይም ሐረርን ተረክቦ ያድራል። ይህን ቀላል ነገር አድርገን ማለፍ የለብንም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ያረፉት ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ አእምሮን ከቅኝ አገዛዝ ስለማላቀቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት የሐተታ መጽሐፋቸው ልጅነታቸውን ያስታውሳሉ። ማታ በእሳት ዳር ትልቁም ትንሹም ተረት ይተርታል፤ ደካማ ግን ብልሃተኛ የሆነችው ጥንቸል የልጆቹ ጀግና ነበረች። ከዚያ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ በጊኩዩ ቋንቋ መናገር የሚያስቀጣ ይሆናል። መጽሐፉን የሚጠቅሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ይህን የቅጣቱን ክፍል ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን በመካከል የገባች አንዲት አነስተኛ መረጃ ናት፤ ልጆቹ ማታ የሰሙትን ተረት በማግሥቱ በባለ ርስቶች ማሳ ላይ ሻይና ቡና ለሚለቅሙ ጓደኞቻቸው መልሰው ይነግሯቸው ነበር። የመማሩ ሥራ የተፈጸመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማታ አድማጭ የነበረው ልጅ ጧት ተራች ሆኗል፤ ማንም ሳይፈትነው የሰማውን መርጧል፣ ያልወደደውን ጥሏል፣ ድምፅ ቀይሯል፣ የጓደኞቹን ፊት እያየ አርዝሟል ወይም አሳጥሯል። ሩት ፊኔጋን እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አፍሪካ ሥነቃል ባወጡት ሰፊ ጥናት፣ ቃሉን ከክዋኔውና ከታዳሚው ነጥሎ ማጥናት ጎደሎ መሆኑን አበክረው ያሳሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ እኛው ክፍል እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ፣ ተረት በየቋንቋው ወደ መማሪያ መጽሐፍ የሚገባበት በር ሰፍቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ተስፋዬ ሣህሉ፣ ማለትም የልጆች ሁሉ አባባ ተስፋዬ፣ ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመታት በላይ ተረትን በቴሌቪዥን ለልጆች አድርሰዋል። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስማቸው ከተረት ጋር ተያይዞ ሲጠራ ኖሯል፤ የውለታቸውን ልክ ለመናገር ይህ ቦታ አይበቃም። የቴሌቪዥን መሣሪያ ግን ተናጋሪ እንጂ ሰሚ አይደለም። በየቤቱ ተኮልኩሎ የሚያዳምጠው ልጅ ምንም ያህል ጮኾ ቢመልስ መልሱ ስቱዲዮው አይደርስም። መማሪያ መጽሐፍም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም፤ ልዩነቱ መጽሐፉን የያዘ መምህር ከተማሪው ፊት ቆሞ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ወቀሳችን ወደ መጽሐፉ ሳይሆን ወደ ክፍሉ ያዘነብላል።

ለምሳሌ ያህል በሰፊው የታወቀውን የተራራውን እሳት ተረት እንመልከት። ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል መጠሪያውን ያገኘው ከዚሁ ነው። አርሃ የተባለ ወጣት አገልጋይ ከባለጸጋ ጌታው ጋር ይወራረዳል፤ ያለ ልብስና ያለ እሳት በብርዳም ተራራ ጫፍ ላይ ካደረ መሬት፣ ቤትና ከብት ያገኛል። አንድ ብልህ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ ወጣቱም ሌሊቱን ሙሉ እሳቱን እያየ ያነጋል። ጌታው ግን እሳት ማየትም እሳት መሞቅ ነው ብሎ ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በመጨረሻ ግብዣ ይደገሳል፤ ዳኛውና ባለጸጋው የወጡን ሽታ እያሸተቱ ምግብ ሳይቀርብላቸው ይቆያሉ። ሲያጉረመርሙ፣ እሳት ማየት የሚያሞቅ ከሆነ ሽታም ያጠግባል ይባላሉ።

ይህ ተረት በሌሎች አገሮችም ዘመዶች አሉት። የእኛን ለየት የሚያደርገው ለሙግት ያለው ቅርበት ነው፤ የበላ ልበልሃን ወግ የሚያውቅ አድማጭ ግብዣው ራሱ ሙግት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ዳኛው በቃል አልተረታም፤ በገዛ ፍርዱ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ እንጂ። ደግሞም ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ አርሃ እውነቱን ይዞ ችሎት ፊት ቀርቦ የተሸነፈ መሆኑን ነው። ያዳነው ድግስ መደገስ የሚችል ትልቅ ቤት ነው። ጄን ከርትዝ ተረቱን እ.ኤ.አ. በ1994 ለልጆች መልሳ ስትጽፈው ይህ የቆረቆራት ይመስላል፤ በእርሷ መጽሐፍ ዓለማየሁ የተባለውን ልጅ የሚታደጉት እኅቱና የቤቱ አገልጋዮች ናቸው። ለወጣት አንባቢ ደስ የሚል ለውጥ ነው። የቀድሞው ግን መራራ ዕውቀት አለው፤ እውነት ብቻዋን ችሎት እንደማታሸንፍ ያውቃል። የትኛው ይሻላል ከሚለው ይልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማከራከር የሚሻል ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተማር ልምምድ ለማየት በተቀመጥሁበት አንድ ክፍል ይኸው ተረት ተነበበ። ንባቡ እንዳለቀ የተለመደው ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ተጻፈ፤ ከዚህ ተረት ምን እንማራለን? ሦስት ልጆች «እውነት ያሸንፋል» አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ዳኛው አልተሳሳተም አለ። እሳቱ ባይኖር ኖሮ አርሃ ያን ሌሊት አይወጣውም ነበር፤ ስለዚህ እሳቱ ጠቅሞታል፤ ሽታ ግን ማንንም አይጠቅምም። ክፍሉ ሣቀ። መልሱ ስሕተት ነው ተባለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታለፈ።

በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ሥነጽሑፋዊ ሂስ ሊባል የሚገባው ይህ የልጁ መልስ ብቻ ነበር። ልጁ የተረቱን ቋጠሮ አግኝቶታል። እሳቱ በእርግጥ ጠቅሟል፤ የጠቀመው ግን በሙቀቱ አይደለም። ከማዶ የሚነደው እሳት አንድ ሰው ስለ እርሱ ሲል እንዳልተኛ ለአርሃ ይነግረዋል። ይህን ዓይነቱን ጥቅም በውርርዱ ማን ከለከለ? ሽታውና ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ የማይመዛዘኑ ናቸው፤ የተረቱ ብርታትም አለመመዛዘናቸውን በሣቅ ሸፍኖ ለአድማጩ በማቆየቱ ነው። «እውነት ያሸንፋል» የሚለው መልስ ይህን ሁሉ ይዘጋዋል። ከዚህም የሚከፋው፣ ልጁ በተረቱ ውስጥ አርሃ ላይ የደረሰው በክፍል ውስጥ በእርሱ ላይ መድረሱ ነው።

ይህ ስለተባለ ተረት ሁሉ ወጣቱን ያበረታል ማለት አይደለም። ሴትን፣ እንጀራ እናትን፣ ባለእጅን የሚያንኳስሱ ተረቶች ሞልተውናል፤ አንዳንድ አሰናጆች እነዚህን ያስቀራሉ ወይም ያለሰልሳሉ። ለትንንሾቹ ልጆች ምክንያታቸው ይገባኛል። ለ2ኛ ደረጃ ተማሪ ግን የተጣራ ተረት መስጠት፣ መሟገት አትችልም ብሎ አስቀድሞ መፍረድ ነው። ሽንፈቷ የተተረተባት እንጀራ ልጅ ወይም እንጀራ እናት ተረቱን በራሷ አንደበት ብትመልሰው ምን ትል እንደነበር መጠየቅ ይቻላል፤ ከድንበሩም አያልፍም፤ ተረት ከጥንት ጀምሮ ሲተረት የኖረው በመለወጥ ነው።

ከክፍሉ ስንወጣ ያን ልጅ ጠርቼ ተረቱን እንዲመልስልኝ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ያነበበውን ሊደግምልኝ ሞከረ፤ የራስህን አልሁት። ጥቂት አሰበና ጀመረ። በእርሱ ተረት ግብዣ የለም፤ ዳኛው ራሱ ተራራው ላይ እንዲያድር ይፈረድበታል፣ አርሃም ከማዶ እሳት ያነድለታል። ተረቱ ሳያልቅ ሌሎች ልጆች ከበቡን። አንዷ አርሃ እሳቱን ማንደድ አልነበረበትም አለች፤ ሌላው ካላነደደ ከዳኛው በምን ይለያል ብሎ መለሰላት። ደወል ሲደወል ዳኛው ገና ተራራው ላይ ነበር።