መቼ ነው የሚያንጠባጥበው?

ቤት ውሃ ያፈሳል ተብዬ ስጠራ ሰዎች መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ቦታውን ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ያረፈውን ቡናማ ምልክት፣ ያበጠውን ቀለም፣ ከሥር የተቀመጠውን ባልዲ። እኔ ግን ከቦታው በፊት የምጠይቀው ጊዜውን ነው። ሌሊት ነው ቀን? ውሃ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው ወይስ በሌላውም ቀን? ሰው ገላውን ሲታጠብ ነው ወይስ ማንም ምንም ሳይነካ? በዚህ ሥራ ስቆይ የተረዳሁት ቦታው ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት፣ ጊዜው ግን እምብዛም እንደማያሳስት ነው።

ቦታው የሚያሳስተው ውሃ ከቀዳዳው ወጥቶ ቀጥ ብሎ ስለማይወርድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት የጀመሩት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ወለል በአብዛኛው ተገጣጣሚ ቢም ተደርድሮ በመካከሉ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት የገባበት ነው። ውሃ እዚያ ክፍተት ውስጥ አንዴ ከገባ ውስጥ ለውስጥ ርቆ ይሄድና የመብራት ገመድ የተቀበረበትን ቱቦ ሲያገኝ በአምፖሉ ቀዳዳ ብቅ ይላል። የታችኛው ቤት ሳሎን መሃል ይንጠባጠባል፤ ከበላዩ ባለው ሳሎን ግን አንድም ቧንቧ የለም። እንዲህ በአምፖል በኩል ሲወርድ ካያችሁ ከሁሉ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ሌላው ይደርሳል።

እንዲህ ባለ ቤት የገጠመኝን ላንሣ። አንዲት እናት ሳሎናቸው ላይ የሚወርደው ውሃ ከላይኛው ቤት ሻወር ነው ብለው አምነዋል። ላይኞቹ የሻወራቸውን ሰራሚክ አስነሥተው እንደ አዲስ አሠርተዋል። ጠብታው አልቆመም። ሁለቱ ቤተሰቦች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላም መባባል ትተዋል።

«እትዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚያንጠባጥበው?» አልኳቸው።

«ውሃ በመጣ ቁጥር ነዋ ልጄ። ሌሊት ይጀምራል፤ ስነሣ ባልዲው ሞልቶ አገኘዋለሁ።»

ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ላይኞቹ በሌላው ቀን የሚታጠቡት ከበርሜልና ከጀሪካን እየቀዱ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ የሻወሩ ፍሳሽ ቢሆን ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ይንጠባጠብ ነበር። ውሃ በመጣ ቀን ልብስ ስለሚታጠብ ይሆናል እንዳይባል ደግሞ፣ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ነው የሚጀምረው። ከዚህ በኋላ የሚጠረጠረው ግፊት ያለበት መስመር፣ ማለትም ከቆጣሪ ወደ ላይኛው ቤት የሚወጣው ቧንቧ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ፈረቃ የላይኛውን ቤት መስመር ከቆጣሪው ሥር ዘጋን፤ ኮርኒሱ ደረቅ አደረ። ስንከፍተው ብዙም ሳይቆይ ጠብታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው መሮ ያነሣነው፤ ያም ለአንድ ሰራሚክ ብቻ ነበር፣ የላይኛው ቤት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ።

የተገኘው ኒፕል የሚባለው አጭር ማያያዣ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር። ጥርሱ ላይ ግን በጣት ሲነካ የሚረግፍ ዝገት ነበረበት። የብረት ቧንቧ ጥርስ ሲወጣለት ዝገት የሚከላከልለት የዚንክ ሽፋን እዚያ ቦታ ላይ ይላጣል፤ የብረቱም ውፍረት ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው መጋጠሚያው ነው። ፈረቃው ራሱም አይረዳም፤ ቧንቧው ሲሞላና ሲደርቅ ውስጡ አየርና እርጥበት ይፈራረቁበታል፣ ዝገት የሚወደውም ይህንኑ ነው።

በፈረቃችን ሁላችንም እንማረራለን፤ ለፍለጋ ግን የሚጠቅም ነገር አለው። ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው መስመር የሚያፈሰው ውሃ ሲመጣ ነው። ከሮቶው በታች ያለው ሮቶው ውሃ እስካለው ድረስ ያፈሳል። የፍሳሽ ቱቦው ሰው ሲጠቀም ብቻ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ከዝናብ በኋላ፣ አንዳንዴም ዘግየት ብሎ። ይህን ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሶልኛል።

ሁሉን ዘግቶ ቆጣሪው ይዞር እንደሆነ በማየትም መፈተን ይቻላል፤ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ውሃ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚደርሰው መስመሩ ውስጥ የነበረው አየር ነው፤ አየርም ቆጣሪ ያዞራል። ስለዚህ ፈተናው የሚያስተማምነው ውሃው በደንብ ከመጣ፣ ሮቶው ከሞላ፣ ከሮቶው የሚወርደው መስመርና ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ያኔም የሚዞር ከሆነ ወይ ቆጣሪና ሮቶ መካከል ያለው መስመር ያፈሳል፣ ወይ የሮቶው ተንሳፋፊ አልዘጋ ብሎ ውሃው በትርፍ መውጫው እየሄደ ነው። ወጥታችሁ ሮቶውን እዩት።

ድምፅ የሌለው ብክነት በብዛት የሚገኘው ሽንት ቤት ነው። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ የመቀመጫው ታንከር ውስጥ ጨምሩና 20 ደቂቃ ያህል ሳትለቁት ቆዩ። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ የታንከሩ ጎማ አልቋል፤ ጎማው ደግሞ ርካሽ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ብቻ እንኳ በቀን 4 ሊትር ያህል ይሆናል፤ የጎማው ግን የሚፈስ እንጂ የሚንጠባጠብ አይደለም።

ሻወሩ ከተጠረጠረ ሰራሚክ ከመንቀል በፊት መውጫውን በላስቲክና በጨርቅ ወትፎ ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ ማቆር ይሻላል። ታች ቤት ከረጠበ ችግሩ ከወለሉ ነው። ካልረጠበ ውታፉን ነቅሎ መልቀቅና መጠበቅ ነው፤ ያኔ ከረጠበ ጥፋቱ የፍሳሹ ቱቦ ነው። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ሰው ታች ቤት ቆሞ እንዲያይም ያስፈልጋል። የተኳረፉ ጎረቤቶች ይህን አብረው ማድረግ ስለሚከብዳቸው፣ ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ ላይና ታች የምመላለሰው። ደስ እያለኝ ነው የማደርገው፤ ማን እንዳጠፋ ሳይሆን ውሃው ከየት እንደሚመጣ አብረው ያዩ ሰዎች በወጪውም አይጣሉም።

ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳውን ወደ ላይ የሚያረጥብና ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት የሚያወጣ እርጥበት ግን በአብዛኛው ከቧንቧ አይደለም። የመሠረት ጉዳይ ነው፤ የሚጠራለትም ሌላ ባለሙያ ነው።

እናም ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ለአንድ ሁለት ፈረቃ ያህል ታገሡና ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ውሃ መምጣት አለመምጣቱን፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ላይ ቤት ሰው መኖር አለመኖሩን። ወረቀቱን ለመጣው ሰው ስጡት። ሳያነበው መሮውን የሚያነሣ ከሆነ አመስግናችሁ ሸኙት።