ፕራሳድን በአማርኛ

«ፕራሳድ» የሚለውን የሳንስክሪት ቃል «መሥዋዕት» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ከመንገድ ይቀራል። መሥዋዕት ከሰው ወደ አምላክ ይወጣል፤ ፕራሳድ ግን ከአምላክ ዘንድ ተመልሶ ለሰው የሚታደል ምግብ ነው። የቃሉ ፍቺም ጸጋ ማለት ነው።

በሕንድ ኦዲሻ ግዛት፣ በፑሪ ከተማ የሚገኘው የ12ኛው መቶ ዘመን የጃጋናት ቤተ መቅደስ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሩዙና ምስሩ ተደራርበው በተጣዱ የሸክላ ድስቶች፣ በእንጨት እሳት ይበስላል። ቀዳሚው ተመጋቢ ጃጋናት ነውና አብሳዩ አይቀምስም። ቀጥሎ ቢማላ ለተባለችው እንስት አምላክ ይቀርባል፤ «ማሃፕራሳድ» የሚሰኘው ከዚያ ወዲያ ነው። በግቢው ገበያ ሌላ ቦታ አብረው የማይበሉ የላይኛውና የታችኛው ካስት ሰዎች አንድ ማዕድ ይቋደሳሉ። (ሂንዱ ያልሆነ ግን ደጁን አያልፍም፤ ማዕዱን በእኩልነቱ የሚያወድስ ይህንንም አብሮ ማንሣት ይገባዋል።)

መቋደሱን «ጸበል ጸዲቅ» የሚለው ቃላችን ደኅና አድርጎ ይይዘዋል። የሚያመልጠው የቤተሰቡ ጓዳ ነው። በኦዲሻ ብዙ ቤተሰብ ደርቆ «ኒርማልያ» የተባለውን የቤተ መቅደሱን ሩዝ በቤቱ ያኖራል፤ ሰው ሲያጣጥር ጥቂት ፍሬ ያቀምሱታል። እዚህ ላይ «ቁርባን» ማለት ተርጓሚውን ሳይፈትነው አይቀርም። ይሁንና ቁርባን ካህን ይሻል፤ ያችን የሩዝ ፍሬ ግን ልጅ በገዛ እጁ ለእናቱ ያጎርሳል።