መዳፍ የማትሞላዋ ጠፍጣፋ

እስከ ዛሬ ያለ እሷ እንዴት አስተማርን! ፔልቲየር ትባላለች፤ አራት በአራት ሳንቲ ሜትር የሆነች ነጭ ሴራሚክ። 12 ቮልት ስትሰጧት አንዱ ፊቷ ይበርዳል፣ ሌላው ይግላል። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ብታቀያይሩት ደግሞ የበረደው ይግላል፣ የጋለው ይበርዳል። የሚሽከረከር ነገር የላትም፣ ጋዝ የላትም፣ ድምፅ የላትም።

የሙቀት ሴንሰር ስንፈትሽ መሣሪያችን በረዶና የፈላ ውሃ ነበር። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከፍታው ስለሚያሳንሰው 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ተማሪው ትክክለኛውን ሴንሰር ውሸታም ብሎ ደብተሩ ላይ 100 ይጽፋል! በመሃል ያለውን 30ና 40 ለማግኘት ቢሞክርም፣ ቁጥሩን አንብቦ ሳይጨርስ ውሃው ይቀዘቅዛል።

አሁን ከፔልቲየሯ በላይ ሴንሰር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ያሉት አሉሚኒየም፣ ከታች ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተፈታ የማቀዝቀዣ ብረት ከነፋኑ አለ። ፋኑን አደራ፤ ከሌለ ከታች የታመቀው ሙቀት ተመልሶ ይወጣና ሴራሚኳን ራሷን ያቃጥላታል።

ልቤን የወሰደው ግን መቆጣጠሪያው ነው። ቡና የምትቀዳ ሴት ስኒው ሊሞላ ሲል ጀበናውን ቀና ታደርግ የለ? አርዱዊኖ የተባለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳም እንዲሁ ነው፤ ከተፈለገው ዲግሪ ሲርቅ ኃይሉን ይለቃል፣ ሲቃረብ ይቀንሳል፣ ካለፈም ይመልሳል። 40 በሉት፣ 40 ላይ ይቆማል። ቆሞም ይጠብቃችኋል! ኤልኤም35 የተባለው ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ፣ ቮልቲሜትሩ 400 አካባቢ ያሳያል። 30 ላይ 300፣ 50 ላይ 500። ተማሪው ነጥቦቹን በማስመሪያ ሲያገናኛቸው ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ነው!

በኤሌክትሪክ ማብረድና ማጋል አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ፔልቲየር፣ ቀድሞ ሰዓት ሠሪ የነበረው፣ ይህን ባሕርይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። በ1838 የፊዚክስ ሊቁ ሌንዝ በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ላይ የውሃ ጠብታ በኤሌክትሪክ አረጋ፣ አቅጣጫውን ገልብጦም አቀለጣት።

እኛም አሉሚኒየሙን አንስተን ሞከርነው። ጠብታዋ ከሥሯ ነጣች፣ ከዚያ እስከ ጫፏ ደነደነች። ሽቦው ሲቀያየር ዙሪያዋ ጠራ፣ ተንሸራተተች፣ ፈሰሰች። ከኋላ ወንበር ላይ ቆሞ ያይ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙት!» አለ።