ክትክታ ላስቲክ አይወድም

ባለፈው ሰኔ ወደ ችግኝ ጣቢያችን አዲስ የተመደበች ልጅ ስልኳን ከፍ አድርጋ መደብ ለመደብ እየዘለለች መጣች። «ጋሼ፣ ይሄን ኮምቦልቻ ላይ ማፍላት እንችላለን?» ፎቶው ላይ ያለው ዛፍ ፍሬው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ዘሩ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዙሪያውን እንደ ወረቀት የሳሳ ክብ ክንፍ ከቦታል። ቀላ ያለ ጠገራ ብር በሉት። ቻይናዎቹም ከገንዘብ ጋር አያይዘው «የሳንቲም ሜፕል» ነው የሚሉት፤ የሳይንስ ስሙ ዲፕተሮኒያ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ጓደኛዋ ወደ ቻይና ከሚመላለስ ሰው ዘሩን ላስመጣልሽ ብላታለች።

ዛፉን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በዓለም ላይ ያለው ሁለት ዓይነት ብቻ ሲሆን ሁለቱም የቻይና ናቸው። አንደኛው በመካከለኛውና በምዕራቡ ተራሮች ይበቅላል፤ ሌላው ዩናንና ጉይዦ ውስጥ በጥቂት ቦታ ብቻ የቀረ፣ ሊጠፋ የተቃረበ ነው። ድንጋይ የሆነ ፍሬው ሰሜን አሜሪካም ተገኝቷል፤ በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት እዚያም ነበረ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝ ያስገባው ኧርነስት ዊልሰን ነው። ቪች የሚባል ችግኝ ሻጭ ቤት በ1899 እ.ኤ.አ. ዘር ለቅመህ ና ብሎ ቻይና የላከው ወጣት ነበር። ደመወዝ እየተከፈለው ተራራ ለተራራ ዘር ሲለቅም የኖረ ሰው! እኔ ለዘር ለቀማ የውሎ አበል የጠየቅሁ ጊዜ የሆነውን ብናገር አያልቅም።

«ዘመዱን ግን ታውቂዋለሽ» አልኳት።

«የቱን?»

«አሁን ቡናችን የፈላበትን።»

ወደ ምድጃው ዞር ብላ አየች። ክትክታ ነበር የሚነደው፤ ገና ቅጠሉ ያልረገፈ እርጥብ ክትክታ። ሙጫው ስላለበት እርጥቡም ይነድዳል።

ሜፕል፣ ያ ቅጠሉ የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው፣ ቀድሞ ለብቻው ቤተሰብ ነበረው። ዛሬ ሊቃውንቱ ዲፕተሮኒያንም ጨምረው ከላይቺ፣ ከእምቡስና ከክትክታ ጋር አንድ ቤት አስገብተዋቸዋል። ዘር ለሚለቅም ሰው ይህ ብዙ አያስገርምም። የክትክታን ፍሬ በመዳፍህ ስትይዝ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ክንፍ አለው፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ኋላ እንደ ገለባ ይሆናል፣ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል።

ዝምድናው ለሥራ ግን አይጠቅምም። የብዙ ሜፕል ዘር እርጥብ ብርድ ውስጥ ሳምንታት ካልከረመ አይነቃም። የእምቡስን ቀይ ፍሬ ሥጋውን አጥበህ ወዲያው ካልዘራኸው፣ እኔ እንዳየሁት፣ ድካምህ መና ነው። ክትክታ ዓመት ቢቀመጥ ግድ የለውም። ልባሱ ውሃ አያስገባም፤ የሚያስከፍተው ሙቀት ነው። ችግኝ ማፍላት የሚባለው ነገር በክትክታ ጊዜ ቃል በቃል ማፍላት ነው።

ፍሬውን ከሴቴው ነው የምትለቅመው፤ ወንዴው ዕድሜ ልክህን ብትጠብቀው ክንፍ አያሳይህም። በመዳፍህ አሽተህ በሰፌድ ታነፍሰዋለህ። የሚቀረው ከጎመን ዘር ትንሽ ከፍ የሚል ጥቁር ዘር ነው። ቆርቆሮ ውስጥ አድርገህ ከእሳት የወረደ ፍል ውሃ ትቸልስበትና እስኪነጋ ትተወዋለህ። ጠዋት እጅህን ስትከት የነቃው አብጦ፣ ለስልሶ፣ ከጣትህ ያመልጣል፤ ያልነቃው እንደ ጠጠር ይቆረቁርሃል። ጠጠሩን ለይ፣ ድገመው። እሳት ላይ ሆኖ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ እነሱ ዘር ሳይሆን ንፍሮ ነው የሚሠሩት።

እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር አልጣላም። ጠቤ ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ያበጠውን ዘር ምን ታደርገዋለህ? ደሴ ያለ አንድ ባልደረባዬ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ይዘራዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ተከራክረናል፤ የልጄን ሰርግ እንኳ ድንኳን ውስጥ ስለ ክትክታ ሥር ሲጨቃጨቁ የዋሉ ሁለት ሽማግሌዎች አበላሽተውታል ተብለናል።

እኔ የምለው አጭር ነው፦ ክትክታ ላስቲክ አይወድም። ከላይ ሁለት ቅጠል ሳያሳይህ ከታች ሥሩን ይሰዳል። ላስቲኩ ታች ሲደርስ ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ይሆናል። ሥሩን በየጊዜው ቁረጥ ይሉሃል፤ ስንቱን ሺህ ላስቲክ እያነሳህ ትቆርጣለህ? ያንን ወስደህ ሐረጎ ተራራ ላይ ትተክለዋለህ፤ አፈሩ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ በታች አለት። እዚያ የሚተርፈው የአለቱን ስንጥቅ ፈልጎ የሚገባ ሥር ነው። እኔ የነቃውን ዘር ይዤ ሐምሌ ላይ መሬቱ ከጠገበ በኋላ እወጣለሁ፤ ከእርከኑ ጀርባ ደለል በሚያርፍበት ጫር ጫር አድርጌ አራት አምስት ዘር እጥላለሁ። ከብት አይበላውም፣ ፍየልም ትጠየፈዋለች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ባልደረባዬ መልስ አለው። ጉንዳን አለ ይላል፣ ጎርፍ አለ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ከአምስቱ አራቱን የበላብኝ ዓመት አለ። ዋናው ክርክሩ ግን ሌላ ነው፦ «አንተ የዘራኸውን ማን ይቆጥርልሃል?» ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለ ዕለት ሁሉም የቆጠረው ላስቲኩን ነው። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ «በእፍኝ የተዘራ» የሚል ሣጥን የለም። እኔም ዓመት በዓመት እቅድ ያላሟላ ተብዬ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ፣ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጣቢያው ውስጥ ውሃ የሚያጠጣ ሰው አልነበረም። ስንመለስ መደቡ ላይ ያለው ላስቲክ ሁሉ፣ ጽዱም ግራሩም፣ ከተተከለው የተረፈው ክትክታም፣ እንደ ትንባሆ ደርቆ ጠበቀን። ዘበኛው ላስቲኩን እያነሳ ሲያራግፍ አፈሩ የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ይወድቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ እርከኑ ወጣሁ። በዚያ ክረምት የዘራሁት ክትክታ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም። ቅጠሉን በጣቴ ስነካው ተጣበቀብኝ። በሕይወት ያለ ክትክታ እንደዚያ ነው የሚያጣብቀው። ለባልደረባዬ ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ አልነበረም። ኋላ ሲገኝም ስለሱ አላነሳሁበትም። ቤቱ ተዘርፎ ነበር።

ግትርነቴ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1977 ዓ.ም እናቴ ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ዳገት ላይ ለእርከን ድንጋይ ትሸከም ነበር። ክፍያው በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ለችግኝ ጣቢያ በጣሳ ውሃ አመላልስ ነበር። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ ያ ዳገት በጥቂት ወራት ተራቆተ። የሚቆርጠው ሌላ ሰው አልነበረም፣ እኛው ነን፤ ሌሊት ሌሊት የመጥረቢያ ድምፅ እየሰማን ተኝተናል። ጽዱ ከተቆረጠ ቀረ። ክትክታው ከጉቶው አቆጠቆጠ። እናቴ ካረጀች በኋላ ስትመረኮዘው የኖረችው ምርኩዝ እሷ ድንጋይ ካነባበረችበት እርከን የተቆረጠ ነው፤ ልጡን ልጬ፣ በቅቤ አሽቼ ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። እርከኑን ታሳየኝ ነበር፣ በምርኩዟ እየጠቆመች፤ «ያቺ ጥቁር ድንጋይ የኔ ናት» ትላለች። ሁሉም ጥቁር ነው።

ዲፕተሮኒያውን በተመለከተ፣ በሻንጣ የመጣ ዘር ጣቢያዬ አይገባም አልኳት። ፈቃድ አለ፣ ኳራንቲን አለ፤ ዘሩ የያዘውን በሽታ እኔ አላየውም። በደንቡ ከመጣ ግን ኮምቦልቻ ይሞቅበታል፤ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ምንጭ የማይርቀው ጥላ ቦታ እሞክረዋለሁ። ቦታውን እንኳ በልቤ ይዣለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

በምትኩ አንድ ቆርቆሮ የነቃ ክትክታ ሰጠኋትና እኩል ተካፈልን። እሷ አርባ ላስቲክ ሞላች፤ እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ መሬቱ ላይ አርባ ቦታ ጫርኩ። ጥር ላይ አሥር አሥሩን ነቅለን፣ ሥሩን አጥበን ጎን ለጎን እናሰጣለን፤ ባልደረባዬም ከደሴ ወርዶ እንዲያይ ተጠርቷል። እስካሁን የሷ ይረዝማል። ማለዳ ማለዳ በማስመሪያ እየለካች ትነግረኛለች።