የመጨረሻዋ እጥበት

ገናሌን ተሻግሮ ወደ ሻኪሶ ሊሄድ ጓዙን የሸከፈ አንድ የደሎ መና ልጅ፣ «ጋሼ፣ ባዜቃ (ሜርኩሪ) እያለ ወርቅን እስከ መጨረሻው በገበቴ ማጠብ ምን ይሉታል?» አለኝ። ጥያቄው አናደደኝ።

ቁፋሮውንና ጠጠር ለቀማውን ሳምንት የዋለ ሁሉ ይለምደዋል። የእኔ ክርክር ገበቴው ውስጥ ጥቁር አሸዋና ወርቅ ብቻ ሲቀሩ ስላለችው እጥበት ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ጥቁሩ አሸዋ ግን 5 እጥፍ ገደማ ብቻ። ይህን ያህል ልዩነት እያለ መርዝ ጨምሮ መለየት ስንፍና ነው።

«ደቃቁን ውሃ ይወስደዋል» ይላሉ የባዜቃ ወዳጆች። ይወስደዋል፣ ግን ብዙውን ጊዜ አንድም ጭቃው በእጅ ሳይፈርስ ስለሚደፋ፣ አንድም ቅባት ስለሚነካው ነው። ቅባት የነካው ደቃቅ ወርቅ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያስተማሩኝ የጉጂ ባልቴት ራሱን ቅቤ የተቀባ ሰው ገበቴያቸው አጠገብ ድርሽ እንዲል አይፈቅዱም ነበር። ገንፎ በልቶ የመጣውንም እጁን በእንዶድ ሳያስፈትጉ አያስነኩትም። ሰፌድ ላይ ጤፍ እንደምታበጥር ሴት ገበቴውን ዘንበል፣ መታ፣ መለስ ያደርጉታል፤ ወርቁ ከጥቁሩ ኋላ ቀርቶ ቀጭን ጭራ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ማግኔት ይበቃል።

ወርቅ በምናጥብበት ወንዝ ዳር ከባሌ፣ ከወሎና ከወላይታ የመጣን ሰዎች አንድ ጉድጓድ እንጋራ ነበር፤ የሚቆፍረው፣ የሚሸከመውና የሚያጥበው ድርሻ አላቸው። የመጨረሻዋ እጥበት በሁሉም ፊት ስለሆነች ማንም ማንንም አይጠረጥርም። ባዜቃ ሲመጣ ግን ያቺ እጥበት ከወንዝ ዳር ተነስታ ወደ ወርቅ ገዢው ጓዳ ገባች። ወርቁ ከያዘው ባዜቃ ጋር እዚያ ተቃጥሎ እዚያው ተመዘነ፤ እኛም ደጅ ቆመን የሚነገረንን መስማት ሆነ ሥራችን። ከጤናው በላይ ያስቆጨኝ ይህ ነው።

ጤናውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ባዜቃ በ357 ዲግሪ ይፈላል፤ ጭሱ አይታይም፣ አይሸትም፤ ነርቭንና የፅንስ አንጎልን ይጎዳል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሚድሮክ ኩባንያ የዞረው የዚሁ አካባቢ የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን፣ ሕዝቡ በብክለት ተማርሮ አደባባይ ሲወጣ በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታግዶ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ቀጠለ። ያኔ ጩኸቱ ተገቢ ነበር። ግን እኛው ቡና በምንቆላበት ምድጃ ባዜቃ እያቃጠልን ማንን ልንከስ ነው?

ለዚያ ልጅ የነገርኩትን ለአንባቢም እነግራለሁ። እጅህን ታጠብ፤ ጭቃውን አፍርስ፤ የመጨረሻዋን ገበቴ ጓዶችህ ፊት ጨርስ። ባዜቃን የግድ ካልክም ሕፃንና ነፍሰ ጡር ካሉበት ቤት ውስጥ አታቃጥል።